መቶ ሜትር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከዓመታት በፊት 10ኛ ክፍል ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሳስተምር አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ነው። ክፍሉ ፎቅ ላይ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ጓደኞቹ ናቸው ከነወንበሩ ተሸክመው የሚያወጡት። «ቲቸር፣ የሞቱትን ነገሩን። ቆስለው መራመድ ያቃታቸውስ የት ገቡ?» አለኝ። መጽሐፉ ላይ የለም። እኔም አላውቅም ነበርና «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍኩት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሰሞኑን ይኸው ልጅ፣ አሁን ሥራ የያዘ ሰው ሆኗል፣ የአንድ የጃፓን ኤሌክትሪክ ዊልቸር ቪዲዮ ላከልኝና ጥያቄው ትዝ አለኝ። ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ።

ድሮ ህብለ ሰረሰሩ የተመታ ወታደር ብዙ ጊዜ ዕድሜ አልነበረውም። ከጥይቱ ቢተርፍ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የአልጋ ቁስል ይጨርሰዋል። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ እነ ፔኒሲሊን ሲመጡ እነዚህ ሰዎች መትረፍ ጀመሩ። ተርፈው የት ይሂዱ? የሚታጠፍ የብረት ዊልቸር በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። የሠሩት በማዕድን ማውጫ አደጋ ጀርባው የተሰበረው ኸርበርት ኤቨረስትና መሐንዲስ ጓደኛው ሃሪ ጄኒንግስ ናቸው። ግን እሱን ለመግፋት እጅ ያስፈልጋል። አንገቱ አካባቢ የተመታ ሰው ደግሞ እጁም አይታዘዝለትም።

እዚህ ላይ ነው ካናዳዊው ጆርጅ ክላይን የሚመጣው። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሚሠራ መካኒካል መሐንዲስ ነበር። ሞተር የተገጠመላቸው ወንበሮች ከእሱም በፊት ተሞክረዋል፣ ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳተኛ አልሆኑም። ክላይን ቡድኑን ይዞ፣ ከጉዳተኞቹ ከራሳቸውና ከሐኪሞቻቸው ጋር እየተማከረ ሠራ። የግራውና የቀኙ ጎማ የየራሳቸው ሞተር አላቸው። በጣት የምትነካ አንዲት ዘንግ፣ ጆይስቲክ የምንላት፣ አለች። ወደ ግራ ስትገፋት የቀኙ ጎማ ይፈጥንና ወንበሩ ይዞራል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥም ይዞራል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ዊልቸሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ካናዳ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ ስላልነበራት ናሙናው ለአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች አስተዳደር ተሰጠ። በ1956 ያው የኤቨረስትና ጄኒንግስ ድርጅት ኤሌክትሪክ ዊልቸር በብዛት ማምረት ጀመረ። የክላይን ናሙና አሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ብዙ ከቆየ በኋላ በ2005 ወደ ካናዳ ተመልሷል።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያናድደኛል። ዲን ኬመን የሚባል አሜሪካዊ ፈጣሪ አንድ ወጣት በዊልቸር የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መውጣት አቅቶት ሲታገል ያያል። ከዚያ አይቦት የተባለውን ሠራ። ደረጃ ይወጣል። በሁለት ጎማ ቀጥ ብሎ ቆሞ የተቀመጠውን ሰው ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ያገናኛል። (ሰግዌይ የምትባለዋ ባለ ሁለት ጎማ መጓጓዣ የተወለደችው ከዚሁ ቴክኖሎጂ ነው።) በ2003 የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ በ2009 ምርቱ ቆመ። ለምን? ዋጋው ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፣ የመንግሥቱ የጤና መድን ሜዲኬር ደግሞ ደረጃ ለመውጣቱና ከፍ ለማለቱ አልከፍልም አለ። የሜዲኬር ደንብ ዊልቸር የሚገዛው ሰውየው ቤቱ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ካስፈለገው ነው ይላል። ቤቱ ውስጥ! ማሽኑ ደረጃ መውጣት ችሎ ደንቡ ከበር አላልፍ አለ። አይቦት ወደ ገበያ የተመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ድርጅቱ ዊል ይባላል፣ በ2012 ጃፓን የተመሠረተ ስታርትአፕ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሳቶሺ ሱጊኤ ኒሳን ይሠራ የነበረ ነው። መነሻቸው የአንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ንግግር ነው፤ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሱቅ መሄድ ትቻለሁ አላቸው። አንድም መንገዱ አይመችም፣ አንድም የሰው ዓይን ያሸማቅቃል። የመጀመሪያ ምርታቸው የፊት ጎማ እያንዳንዱ በ24 ትንንሽ ጎማዎች የተሠራ ስለሆነ ወደ ጎንም ይንከባለላል፣ ጠጠር ላይ አይያዝም። መልኩም የሆስፒታል ዕቃ አይመስልም፣ አስበውበት ነው። ዋጋው ግን 9,500 ዶላር ነበር። በ2020 ደግሞ ሐኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተሳፋሪን ያለ ነጂ በር ድረስ የሚያደርሱ ዊልቸሮች አሰማርተዋል።

ቪዲዮውን አይቼ ደወልኩለት። «ቲቸር፣ ዋጋውን አይተውታል አይደል?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ዋጋውን ትቼ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት። ከቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው ምን ያህል ነው? ቅርብ ነው፣ ግን ኮብልስቶኑ ተነስቷል፣ ቦዩም ክፍት ነው አለኝ። እኛ አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። የሱ መሥሪያ ቤት መግቢያ ስንት ደረጃ እንዳለው ጠየቅኩት። አሥራ አንድ ነው። ጠዋት ማነው የሚያወጣህ ስለው ጥበቃዎቹ ናቸው አለ፣ ደህና ሰዎች ናቸው።

በዚያ 10ኛ ክፍል አብራችሁት የነበራችሁ፣ በየቀኑ ተሸክማችሁ ስታወጡት የነበራችሁ ልጆች፣ ይህን ካያችሁ ሰላም በልልኝ ብሏችኋል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።