ጭቃው የሚመሰክረው፦ ስትሮንቲየም፣ ጣናና የዓባይ ደለል



የታሪክ ሰው ማስረጃውን አስቀድሞ የሚፈልገው በብራና ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው የጣና ገዳማት ብራናዎች ከመጻፋቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ስለተጀመረ መዝገብ፣ ስለ ደለል ነው።

ስትሮንቲየም በዐለት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ከአይሶቶፖቹ አንዱ የሆነው ስትሮንቲየም 87፣ ሩቢዲየም 87 በረጅም ዘመናት ቀስ በቀስ ሲለወጥ ይጨምራል። ስለዚህ ሩቢዲየም በበዛባቸው ጥንታውያን ዐለቶች ከስትሮንቲየም 86 ጋር ያለው ምጥጥን ከፍ ይላል፤ የነጭ ዓባይ ደለል ከ0.71 በላይ ያሳያል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የደጋችን ባዛልት ግን 0.704 አካባቢ ነው። ጭቃው የት ቢደርስ የትውልድ ምልክቱን አይለቅም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በናይል ዴልታ ደለል ውስጥ ይህ ምጥጥን ከ4,500 እስከ 4,200 ዓመታት ገደማ በፊት ጎልቶ መውረዱን አሳየ። ዘመኑ የዓባይ ሙላት የቀነሰበትና የግብፅ ጥንታዊ መንግሥት ያከተመበት ነው። ታዲያ ውኃው ካነሰ የደጋችን አፈር ድርሻ ስለምን ጨመረ? ዝናብ ሲያንስ ሣሩና ዛፉ ይሳሳል፤ የተራቆተውን ተዳፋት ጥቂት ዝናብም ጠርጎ ይወስደዋል።

ጣናም ድርቅን ያውቃል። ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የደለል ጥናት፣ ሐይቁ ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ እንደነበር አመልክተዋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን፤ ያን ጊዜ ግን የተጠማው የዓባይ መነሻ ራሱ ነበር።

በዚያ ዘመን ምድሪቱን ያራቆታት የሰማዩ መድረቅ ነበር። ዛሬ በርብና በጉማራ ተፋሰስ ተዳፋቱን የሚያራቁተው በአብዛኛው የእኛው እጅ ነው። ወንዞቹ ጠርገው የሚያመጡትን አፈር አብዛኛውን ጣና ያስቀረዋል። ስለዚህ የእኛ ዘመን ገጽ የሚጻፈው ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ በሐይቁ ወለል ላይ ነው። ነገ ያንን ደለል የሚቆፍር ተመራማሪ «ድርቅ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሌሎች ማስረጃዎች ዝናቡ እንዳልጠፋ ሲነግሩት፣ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል።