የአባላት መዝገብ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲሻገር

ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ወጥቶ አሸተን ማርያም የደረሰ ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ካህኑ የብራና መጽሐፍ ይዘው ብቅ ይላሉ። ጸሐፊው ካረፈ ስንት ትውልድ አልፎ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ይለየዋል። በአገራችን የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ የነበረው በዚህ እምነት ነው፤ የወንጌልን ገጽ ደፍሮ የሚፍቅ አይኖርም ተብሎ። ንጉሥ ላሊበላ የሰጣቸው አንዳንድ የመሬት ስጦታዎች እስከ ዛሬ የሚታወቁትም እንዲህ ባለ መዝገብ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብን ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ የማሻገር ሥራ በአገራችን ያስከተለው ችግር የብራናው ተቃራኒ ስለሆነ ነው። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ጽሑፍ አልነበብ ያለበት ጊዜ አለ።

ሰርቨር ማለት የሂሳብ፣ የግዥና የአባላት ጉዳይ ክፍሎች በየኮምፒውተራቸው ሆነው በጋራ የሚጠቀሙበትን መዝገብ የያዘ ዋና ኮምፒውተር ነው። ይህን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ፕሮግራም እንደ ሰው ዕድሜ አለው። በብዙ ቢሮዎች የምናውቀው ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 አምራቹ ድጋፉን ያቆመበት ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። ቫይረስ በፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ቢሮ በሚዞርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለምና መለወጡ ግድ ነው።

ችግሩ ያለው በፊደሉ ላይ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደየቢሮው የገቡት ኮምፒውተሮች አማርኛ አያውቁም ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ በአንድ ፎንት ውስጥ 256 ቦታ ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን አሠራር አይበቃቸውም። ስለዚህ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ፣ ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል መልክ አለበሱ። ይህ የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ እነሱ ባይኖሩ አንድ ደብዳቤ እንኳ በአማርኛ ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ «አበበ» ተብሎ የሚታየው ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ላቲን ምልክት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎችን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። በዩኒኮድ የተጻፈው አማርኛ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተር ይነበባል። በቀድሞዎቹ ዘዴዎች የተጻፈው ግን በመቀየሪያ ፕሮግራም ካልተለወጠ በስተቀር የምልክት ክምር ነው።

ይህ ጸሐፊ ያየው አንድ ቢሮ አለ፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። አዲሱ ሰርቨር ዓርብ ተተከለ፣ አሮጌው በዚያው ዕለት ተደመሰሰ። ሰኞ ጠዋት የአባላቱ ስም ዝርዝር ሲከፈት አንድም የሚነበብ ስም አልነበረም። የትርፍ ክፍፍል ሊደረግ ቀናት ቀርተውት ነበር። ዕጣ ገዝቶ፣ ለዓመታት እህሉን አስረክቦ፣ ድርሻውን ሊቀበል የመጣ ገበሬ «ስምህ የለም» ቢባል ምን ይላል? ያዳናቸው ከንብረት ክፍል ጥግ አቧራ የጠጣው በእጅ የተጻፈ ባሕር መዝገብ ነው።

ፊደሉ በሰላም ቢሻገር እንኳ ሌላ ጣጣ ይከተላል። የካቲት 30 ቀን የተመዘገበን አባል አዲሱ ፕሮግራም በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንማ ወሩ ራሱ የለም። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚህ ሳቢያ አንድ አባል ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይገኛል፤ ሟች አባትና ውርስ ጠያቂ ልጅ ደግሞ ይምታታሉ። ይህን የሚፈታው ባለሙያው ብቻውን አይደለም፤ የቀበሌውን ሰው በስም ከነአያቱ የሚያውቅ የማኅበሩ ጸሐፊ አብሮ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊው ሳይጠራ ሥራው ያልቃል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ ክፍል ብቻ ያለ መዝገብ፣ ሰርቨሩ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ እንደሌለ ይቆጠራል። ቅጂው በሌላ ስፍራ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጣል።

የብራና ጸሐፊዎች አዲሱን ቅጂ ከዋናው ጋር ያመሳክሩ ነበር። በሰርቨሩም ሥራ ሁለቱ መሣሪያዎች ቢያንስ አንድ የሂሳብ ጊዜ እስኪዘጋ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ሠራተኛ ከባሕር መዝገቡ ስምን፣ የአባትን ስም፣ የአያትን ስምና የዕጣውን ብዛት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በአዲሱ ስክሪን ላይ እየተከተለ «አለ» ይላል። «የለም» የተባለበት ስም ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ ያ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ አሮጌው ሰርቨር አይነካም።