ከዘመቻ የተመለሰ ወዴት ይገባል? የፎገራ ሜዳና የዘማች ቤተሰብ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ጦርነቶች ብዙ ተጽፏል፤ ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ወታደሩ በምን እንደተዳደረ፣ የሟቹ ሚስትና ልጆችም በማን ተደግፈው እንደኖሩ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በዙሪያው ካሉት ከወረታና ከይፋግ ጋር፣ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከጎጃምና ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው በመሆኑ የየዘመኑ ሠራዊት ተመላልሶበታል፤ ይፋግም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ስለነበረች ስንቅ የሚሸምተውም ሆነ ከዘመቻ የሚመለሰው አያጣትም ነበር።

በቀድሞው ሥርዓት የወታደር ደመወዝም ጡረታም መሬት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ «ጨዋ» የሚባሉትን የጦር ክፍሎች በየአውራጃው ያሰፍሩ ነበር፤ ጨዋ በዚያ ዘመን አነጋገር በንጉሥ ትእዛዝ በአንድ አገር ሰፍሮ ከዚያው አገር ግብር እየበላ ጠረፍ የሚጠብቅ ጭፍራ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ «ማደሪያ» የተባለው ስሪት ተስፋፋ፤ ይኸውም ወታደሩ እስካገለገለ ድረስ የሚበላው፣ ሲሞትም ልጁ በአባቱ ቦታ ተተክቶ ለማገልገል ሲችል የሚረከበው መሬት ነው። ስሪቱ ለቤተሰብ መጠለያ ቢሆንም ከአገልግሎት ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ለጦር የደረሰ ወንድ ልጅ ያልነበራት የሟች ሚስት ከመብቱ ልትወጣ ትችል ነበር።

በጣና አካባቢ የዚህ ልማድ ልዩ ምሳሌ የፖርቱጋል ወታደሮች ታሪክ ነው። በ1533 ዓ.ም በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ወደ አገር የገቡት 400 ያህል ነፍጠኞች አዛዣቸውንና ብዙ ጓዶቻቸውን ካጡ በኋላ፣ የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው በየካቲት 1535 ዓ.ም ከጣና በስተምሥራቅ በተደረገው የወይና ደጋ ውጊያ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሲወድቅ ተካፋይ ሆኑ፤ ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉትም ከንጉሡ መሬት ተቀብለው፣ የአገሩን ሴቶች አግብተው፣ ልጅ ወልደው ቀሩ። የባዕድ አገር ወታደር ባለአገር ሊሆን የቻለው ንጉሡ መሬት ስለሰጠው፣ በጋብቻ የተዛመደው ቤተሰብም ስለተቀበለው ነበር።

ለአገሬው ተወላጅ ወታደር ግን ከማደሪያ ይልቅ የጸና ዋስትናው «ርስት» ነበር። በጎንደርና በጎጃም ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት በእናትም በአባትም በኩል የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ የሚጠይቁበት የዘር መሬት በመሆኑ፣ ለረጅም ዓመታት በዘመቻ የቆየ ሰው ሲመለስ ትውልዱን ቆጥሮ ከዘመዶቹ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ክርክሩ ቀላል እንዳልነበረና ጉልበት ያለው ብዙ ያገኝ እንደነበር ባይካድም፣ መብቱ ከንጉሥ ችሮታ ሳይሆን ከትውልድ የሚመነጭ ስለነበር በሹም ሽር አይወሰድም ነበር።

የአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራ ይህን ሥርዓት ፈተነው፤ አርበኛው ደመወዝም ማደሪያም ሳይኖረው የተዋጋ፣ ስንቁንም ከዘመዱና ከገበሬው ያገኘ ተዋጊ ነበርና። በበጌምድር «አሞራው» በሚል ቅጽል ስም የታወቁት ውብነህ ተሰማና ሌሎችም አለቆች ለዓመታት መቋቋም የቻሉት ገበሬው እህሉንና ወሬውን ስለሚያቀብላቸው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም በዚህ አካባቢ ጦርነቱ ቀጥሎ፣ ደብረ ታቦር በዚያው ክረምት፣ ወደ ጎንደር የሚያስገባው የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም፣ ጎንደርም ከስድስት ቀን በኋላ ተለቀቁ።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾችና ለወታደሮች በአብዛኛው አንድ ጋሻ፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት መስጠት ጀመረ። ይሁንና በበጌምድር መሬቱ በርስት የተያዘ በመሆኑ ለስጦታ የሚሆነው በይበልጥ የተገኘው በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ነበር፤ በዚህም የተነሣ ባለውለታው መሬቱን ለመቀበል ከወገኑ መራቅ ወይም በሌላ ማሳረስ ግድ ሲሆንበት፣ በዚያ የነበረው ገበሬ ደግሞ ጭሰኛ ሆነ። አንዱን ለመካስ ሌላውን የበደለ ስጦታ መሆኑ በኋላ «መሬት ላራሹ» ለተባለው ጥያቄ አንድ መነሻ ሆኗል። የአርበኛውን ክብርና ትዝታ በመጠበቅ ረገድ ግን የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባላቱን አሰባስቦ፣ የሚያዝያ 27ን በዓል በየዓመቱ እያከበረ፣ የአርበኛ ልጆችንም እያቀፈ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች አባላት፣ በጠቅላላው ከ6 ሺሕ በላይ የሚሆኑት፣ በአንጻሩ በከተማ የተደራጁ ናቸው። በአዲስ አበባ የኮርያ ሰፈር የእነርሱን ስም ይዞ የኖረ ሲሆን፣ የዘማቾቹ ማኅበርም ከደቡብ ኮርያ ለአባላቱና ለልጅ ልጆቻቸው የሚመጣው ድጋፍ መተላለፊያ ሆኗል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ማኅበር፣ መዝገብና ወዳጅ መንግሥት ያለው ዘማች ይታወሳል፤ ወደ ገጠር የተመለሰውን ግን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንም ማደሪያንም ሽሮ መሬትን የማደል ሥልጣን ለገበሬ ማኅበራት ሲሰጥ፣ የዘማች ቤተሰብ ዋስትና ከዘር ቆጠራ ወደ ቀበሌ ተዛወረ። በ1969 ዓ.ም በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው የሚሊሺያ ጦር ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ግንባር ሲዘምት፣ የዘማቹን ማሳ በጋራ የማረስ፣ የማረምና የማጨድ ግዴታ በገበሬ ማኅበሩ ላይ ወደቀ። ሥራው ለገበሬው እንግዳ አልነበረም፤ አቅም ያነሰውን ጎረቤት በአንድ ቀን ተሰብስቦ ማገዝ ደቦ፣ ጉልበትን በተራ መለዋወጥም ወንፈል ተብሎ ከጥንት የኖረ ልማድ ነውና። አዲሱ ነገር በፈቃድና በውለታ ይደረግ የነበረው በትእዛዝ መሆኑ ነበር፤ በትእዛዝ የሚታረስ ማሳ ደግሞ ባለቤቱ እንደሚያርሰው አይሆንም።

በ1975 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ሲያስገድድ፣ ኮታውን የሚሞላው ያው የገበሬ ማኅበር ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ትጥቁን ፈትቶ፣ ሰኔ ላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ከገጠር የመጡት የጥቂት ወራት ቀለብ፣ ለአንዳንዶቹም የእርሻ መሣሪያና በሬ እየተሰጣቸው ወደየትውልድ ቀያቸው ተሸኙ። መሬት እንዲያድላቸው የተጠየቀውም ቀበሌው ነበር፤ በየአገሩ ልጆቹን መርጦ የላከው ማኅበር አካለ ጎደሎውንና ጤነኛውን፣ ምርኮኛውንና የተበተነውን መልሶ ተቀበለ።

መልሶ መቋቋሙ ከተፈራው በላይ የሰመረውም በዚህ ምክንያት ነው። የተሸነፈ መንግሥት ወታደር መሆን በመንደር ደረጃ እንደ ነውር አልታየም፤ አብዛኛው ወዶ እንዳልሄደ የላከው ሁሉ ያውቅ ነበርና። ቤተሰቡ በሬ ያበድረዋል፤ እድሩ እንደ ማንኛውም አባል ኀዘኑን ይካፈለዋል፤ ሰንበቴው ከጽዋው ያስቀምጠዋል። ባልዋ ያልተመለሰ ሴት ግን በሬና ጉልበት ስለሌላት ማሳዋን «ለእኩል» ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል መስጠት ሊገዳት ይችላል፤ ይህም ከምርቷ ገሚሱን የሚወስድ የድጋፍ ዓይነት ነው። የሞቱ መርዶ በይፋ ካልደረሳት ደግሞ ተዝካሩን ለማውጣትም ሆነ የሟች ሚስት ተብላ መብት ለመጠየቅ ትቸገራለች። የፎገራ ረግረግ ለሩዝ ከዋለ ወዲህም መሬቱ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል፤ ለአዲስ ተመላሽ የሚታደል ትርፍ መሬት ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ የታሪኩ ፍርድ ሁለት ወገን አለው። መንግሥታት ዘማቹን በመሬት ሲክሱ ኖረዋል፤ ስጦታቸው ግን ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ሲሻር፣ የወደቀውን ቤት ያነሣው ዘመድ፣ ደቦና እድር ነበር። እነዚህ ደግሞ እህልና ጉልበት እንጂ ሕክምና፣ ጡረታና የሟቾች መዝገብ የመስጠት አቅም የላቸውም። ከየትኛውም ጦርነት በኋላ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም የሚነሣ ተቋም እድሩንና ሰንበቴውን ከጅምሩ የሥራው ተካፋይ ሊያደርጋቸው፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም ራሱ ሊሸከም ይገባል፤ ከሁሉ አስቀድሞም የእያንዳንዱን ዘማች መጨረሻ መዝግቦ ለቤተሰቡ ማሳወቅ የመንግሥት ዕዳ ነው።