የቶርኖ ታሪክና የእጅ ሥራ ክብር

በአገራችን ብዙ ሰው በቶርኖ በወጣ እግር ላይ በቆመ አልጋ ይተኛል፤ በቶርኖ የተሠራ እግር ባለው ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦም ቡና ይጠጣል። ነገር ግን ያ እግር እንዴት እንደዚህ ድቡልቡልና ለስላሳ ሆኖ እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ቶርኖ ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

ቶርኖ እንጨትን እያሽከረከረ፣ ስለታም መሮ ሲያስጠጉበት ዙሪያውን እኩል አድርጎ የሚያስልግ መሣሪያ ነው። በሌላው የእንጨት ሥራ መሣሪያው ወደ እንጨቱ ይሄዳል፤ መጥረቢያው ይወርዳል፣ መጋዙ ይመላለሳል፣ መላጊያው ይገፋል። በቶርኖ ግን የሚሮጠው እንጨቱ ነው፤ መሮው ጸንቶ ይጠብቀዋል። ይህ መገለባበጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በመጥረቢያ ብዙ የሚያደክመውን ክብ በጥቂት ጊዜ ያስገኛል።

መሣሪያው እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በተሠራው፣ በግብፅ አገር በሚገኘው በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሠሩበት ተቀርጾ ይታያል። አንደኛው ገመዱን ወዲያና ወዲህ እየሳበ ያሽከረክራል፤ ሁለተኛው መሮውን ይዞ ይልጋል። ኋላም በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ቶርኖ ተስፋፋ። ከበላይ የሚተጣጠፍ ረጅም ዘንግ ይታሰራል፤ ከዘንጉ የወረደው ገመድ እንጨቱን ጠምጥሞ ከእግር መርገጫ ጋር ይያያዛል። ሠራተኛው ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እርሱ ይሽከረከራል፤ እግሩን ሲያነሣ ዘንጉ ገመዱን መልሶ ይስባል። ስለዚህ ሁለቱ እጆቹ ለመሮው ነጻ ይሆናሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1480 ገደማ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በመርገጫና በከባድ መንኰራኵር ሳያቋርጥ የሚዞር ቶርኖ በሥዕል አሳየ። በ1800 ገደማ ደግሞ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ ብረትን በትክክል የሚልግና ጥርስ የሚያወጣ ቶርኖ ሠራ። ብሎን ከብሎን ጋር እኩል ሆኖ ሊሠራ የቻለው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ነገር ያስደንቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 እስከ 1997 ዴቪድ ፊሊፕሰን በአክሱም ባስቆፈሩት መቃብር ውስጥ ከ1600 ዓመት በላይ የቆዩ የዝሆን ጥርስ ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም መካከል በቶርኖ የተላጉ ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ ምድር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም በየመንደራችን ገበቴውና ሙቀጫው በመጥረቢያና በመሮ እየተፈለፈለ ኖረ፤ ሸክላ ሠሪዋም ማሰሮውን ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ አበጀች። የሚሽከረከር ነገር ግን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ ኖረዋልና።

የእጅ ጥበብ ለምን እንደሚገባው አልሰፋም ብንል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ባለሙያውን መናቃችን ነው። አንጥረኛው «ቡዳ» ሲባል፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ሲሰደብ፣ የትኛው አባት ልጁን ለጥበብ ይሰጣል? ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ድካም በይበልጥ ለመድፍ ዋለ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ይህ ዐዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልወጣም። ቅዱስ ዮሴፍ ጸራቢ እንደ ነበረ እየሰማን ጸራቢን መናቅ እንዴት ይሆናል?

«ቶርኖ» የሚለው ቃል እንደ ፒንሳ፣ እንደ ሞርሳና እንደ ካቻቪቴ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ትምህርቱን ለማስፋፋት ግን የራሳችን ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። ለጎጃም ልጆች ቅርብ የሆነው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ የእንጨትና የብረት ሥራ ያስተምር ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ምን ያድርግ? የኤሌክትሪክ ቶርኖ መግዛት ባይችል የጥንቱን የእግር ቶርኖ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ሁለት ጠንካራ ቋሚዎች፣ እንጨቱን በሁለት ጫፍ የሚይዙ ሁለት ሹል ብረቶች፣ የመሮ ማሳረፊያ፣ አንድ የሚተጣጠፍ አጣና፣ ገመድና መርገጫ ይበቁታል። መሮውን የሰፈሩ አንጥረኛ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ያወጣለታል። እንግዲህ «ቡዳ» የተባለው ሰው እጅ ከሌለ ቶርኖውም አይኖርም ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ቶርኖ እርጥብ እንጨት ይመረጣል፤ ለመሮው ይለዝባልና። በችኮላ ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ግን ይሰነጠቃል። እንጨቱን መጀመሪያ በመጥረቢያ ስምንት ማዕዘን ማድረግ፣ ከዚያ የሁለቱን ጫፍ መካከል በትክክል መለካት ያስፈልጋል፤ መካከሉ ከተሳተ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። መሮው አስቀድሞ በማሳረፊያው ላይ ይጋደማል፤ ቀጥሎ ወደ እንጨቱ ይጠጋል፤ ሁልጊዜም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይላጋል። ዋንዛ ለመላግ ለጀማሪ ይመቻል፤ ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ሲያልቅ ያምራል። የመጀመሪያው ሥራ የሞረድ እጀታ ቢሆን መልካም ነው፤ ቢበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነውና። በኤሌክትሪክ ቶርኖ ፊት ግን ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ መቆም ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ስንወጣ ሁላችንም በቢሮ ወንበር ላይ አንቀመጥም፤ ወንበሩን የሚሠራም ያስፈልጋል። ዕውቀት ያለ እጅ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ እጅም ያለ ዕውቀት የአያቱን ሥራ ብቻ ይደግማል። ሁለቱን ያገናኘ ወጣት ግን ለራሱ እንጀራ፣ ለአገሩም ጥቅም ያወጣል።