ከአምስቱ አንዷ

በምት ጂምናስቲክ የቡድን ውድድር የተሰለፈችን ስፖርተኛ ታሪክ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ስሟ ብቻውን ተነጥሎ አይነሳምና። አምስት ወጣቶች በአንድ ሙዚቃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነጥብ የሚሰጠው ለአንዷ ሳይሆን ለኅብረቱ ነው። አንዲቱ ወደ ላይ የወረወረችውን ኳስ ሌላይቱ ተንከባላ ተነሥታ ትቀልባለች፤ ብትስት ጉድለቱ የአምስቱም ይሆናል። በ1980 (እ.ኤ.አ.) በስፔን፣ በባስክ ምድር፣ በቪቶሪያ ከተማ የተወለደችው ታንያ ላማርካ ያደገችው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ ያውም በነጠላ ውድድር ብቻ ነበር። የጥበቡ ባለቤቶች የሚባሉት ሶቪየት ኅብረትና ቡልጋሪያ በዚያ አልተገኙም፤ ካልተገኙትም መካከል አገራችን ነበረች። ለቡድን ውድድር ግን የዓለም ሻምፒዮና ከ1967 ጀምሮ ቢካሄድም፣ የኦሎምፒክ በር የተከፈተለት በ1996 በአትላንታ ነው።

ለዚያ መድረክ ስፔን ያሰለፈቻቸው ስድስት ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ትርኢት የሚወጡት አምስቱ ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ፣ ላማርካ፣ ሎሬና ጉሬንዴስና ኤስቲባሊስ ማርቲኔስ፣ የቪቶሪያ ልጆች መሆናቸው ያስገርማል። ሌሎቹ ማርታ ባልዶ፣ ኑሪያ ካባኒያስና ኤስቴላ ሂሜኔስ ነበሩ። ከ1982 ጀምራ የስፔንን ጂምናስቲክ ያነጸችው አሠልጣኝ ኤሚሊያ ቦኔቫ ደግሞ የቡልጋሪያ ተወላጅ ነበረች።

በፍጻሜው አንዱ ትርኢት በአምስት ቀለበቶች፣ ሁለተኛው በሦስት ኳሶችና በሁለት ጥብጣቦች ቀረበ። ስፔን 38.933፣ ቡልጋሪያ 38.866 ነጥብ አገኙ፤ ሩሲያ ሦስተኛ ወጣች። ልዩነቱ 0.067 ነው። አንዲት ጥብጣብ ለቅጽበት ብትቋጠር ኖሮ ወርቁ ወደ ሶፊያ በሄደ ነበር። ቦኔቫ በዚያ ቀን የትውልድ አገሯን በገዛ ተማሪዎቿ ረታች፤ ምን ተሰምቷት ይሆን?

ይሁንና በ1997 ላማርካ ክብደት ጨምራለች ተብላ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው፣ የአምስት ሰው ውበት በመመሳሰል ላይ ሲመሠረት ሚዛኑ የሚጫነው በአንዷ ገላ ላይ ነው፤ ይህም የጥበቡ ጠባይ ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው። ድሉን ሲጋሩ እንደ አምስት፣ ሲሰናበቱ ግን እንደ አንድ መቆጠራቸውም ፍትሕ አይደለም።

ላማርካ በ2008 ከክሪስቲና ጋዮ ጋር «እንባ ለአንድ ሜዳሊያ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመች። በዚህም መጽሐፍ የወርቁን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣውንም በገዛ አንደበቷ ተረከች።