ያለ ፍርሃት የመውለድ ትምህርት እንዴት ተነሣ? ምንስ አተረፈ?

ምጥ ተስፋና ስጋት በአንድነት የሚገናኙበት ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ልማድ ነፍሰ ጡሯን ምጥ ሲይዛት በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠኑላታል፤ ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ወሊድ ከሞት አፋፍ እንደ መመለስ መቆጠሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው የምታምጥ ሴት ብቻዋን አለመተዋ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ የተነሣው ያለ ፍርሃት የመውለድ ትምህርት ታሪክም በእነዚሁ በፍርሃትና በብቸኝነት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሕክምና ለምጥ ሥቃይ የሰጠው መልስ ማደንዘዣ ነበር። የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን በ1847 ክሎሮፎርምን ለወላዶች መስጠት ጀመረ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ይህንኑ መድኃኒት በመውሰዷ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፋ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ደግሞ በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ሞርፊንንና ስኮፖላሚንን በማጣመር እናቲቱ የወለደችበትን ሰዓት ጨርሶ እንዳታስታውስ የሚያደርግ ዘዴ ተስፋፋ። ሥቃዩ ከትዝታ ቢጠፋም፣ እናቲቱ በገዛ ልጇ ልደት ላይ እንደ እንግዳ ሆነች።

ይህን አካሄድ በብርቱ የተቃወመው በ1890 የተወለደው እንግሊዛዊ ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ ነው። ገና ወጣት ሳለ በምሥራቅ ለንደን ድሆች ሠፈር አንዲት ሴት ሊያዋልድ ሄዶ ክሎሮፎርም ቢያቀርብላት እንቢ አለችው፤ በእርጋታም ወለደች። በኋላ ምክንያቷን ሲጠይቃት እንዳላመማት፣ ሊያማትስ ይገባ እንደ ነበር መልሳ እንደ ጠየቀችው ጽፏል። ዲክ-ሪድ ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ በ1933 «ተፈጥሯዊ ወሊድ» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ።

የሐሳቡ መሠረት የሦስት ነገሮች ሰንሰለት ነበር፤ ፍርሃት ውጥረትን ይወልዳል፣ ውጥረት ሕመምን ያበረታል፣ ሕመሙም ተመልሶ ፍርሃትን ይቀሰቅሳል። የፈራ ሰው አካል ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ጡንቻው ይወጠራል፣ ትንፋሹ ያጥራል። እንደ ዲክ-ሪድ አባባል ማህፀን ሕፃኑን ለማውጣት ሲሠራ የተወጠረው አካል መንገዱን ይዘጋበታል። መፍትሔውም ሴቲቱ በሰውነቷ ውስጥ የሚሆነውን ነገር አስቀድማ እንድትማር፣ በረጅሙ መተንፈስንና ጡንቻዎቿን ማፍታታትን እንድትለማመድ ማድረግ ነበር። አሜሪካዊው ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ጡንቻ በተራ ወጥሮ የማላላትን ልምምድ አስተዋውቆ ነበር።

በሌላ አቅጣጫ በሶቪየት ኅብረት የካርኮቩ ቬልቮቭስኪና የሌኒንግራዱ ኒኮላዬቭ ከፓቭሎቭ ትምህርት ተነሥተው ተመሳሳይ መንገድ ቀየሱ። ፓቭሎቭ እንስሳት በልምምድ አዲስ ምላሽ እንደሚለምዱ እንዳሳየ፣ እነርሱም ሴት ለምጥ የምትሰጠውን ምላሽ በትምህርት መለወጥ ይቻላል አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ላማዝ በ1951 ሶቪየት ኅብረትን ጎብኝቶ በዘዴው ስትወልድ ያያት ሴት እርጋታ አስደነቀው። ወደ ፓሪስ ተመልሶም የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር በሚያስተዳድረው ሆስፒታል ትምህርቱን ጀመረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1956 ዘዴው ከሥነ ምግባር ጋር እንደማይጋጭ ማስታወቃቸው ለካቶሊኮች በር ከፈተ። በፓሪስ በላማዝ እጅ የወለደችው አሜሪካዊት ማርጆሪ ካርሜል በ1959 ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች፤ በቀጣዩ ዓመትም ከኤሊዛቤት ቢንግ ጋር በአሜሪካ ዘዴውን የሚያስተምር ማኅበር መሠረተች።

ቀስ በቀስም በምናብ የማየት ልምምድ ከትንፋሽና ከማፍታታት ጋር ተጣመረ። ነፍሰ ጡሯ ዐይኗን ጨፍና ምጡን ከሩቅ መጥቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ተመልሶ እንደሚወርድ ማዕበል፣ የማህፀኗንም አፍ ቀስ እያለ እንደሚፈካ አበባ አድርጋ ትሥላለች። ምስሉን ለሳምንታት ከለመደችው፣ ሕመሙ ሲመጣ አእምሮዋ ለፍርሃት ሳይሆን ለለመደው ምስል ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል።

የዲክ-ሪድ ትምህርት ግን አንድ ከባድ ስሕተት ተሸክሞ ነበር። እርሱ «ያልሠለጠኑ» የሚላቸው ሕዝቦች ሴቶች ያለ ብዙ ሥቃይ ይወልዳሉ ብሎ ያምን ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሚኖርባት ደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በአህጉሪቱ በመዘዋወር የአፍሪካውያንን አወላለድ ተመለከተ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1955 በመጽሐፍ አወጣ። ይሁን እንጂ በመንደር በሰላም የተገላገለችውን የሚያይ እንግዳ ወደ መቃብር የሄደችውን አያይም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት፣ ምጥ ለቀናት ተጎትቶባቸው ልጃቸውንም ጤናቸውንም ላጡ ሴቶች ነበር። ሕፃኑ ማለፍ ሲያቅተው ዘና ማለትም ሆነ መልካም ምስል መሣል መንገድ አይከፍትለትም፤ የሚያድነው በጊዜ የሚደርስ ሐኪምና ቀዶ ሕክምና ነው። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች መሞታቸው ተገምቷል። አፍሪካዊት አያማትም የሚለው አፈ ታሪክ እንዲህ ባለ አገር የማደንዘዣንም የአምቡላንስንም አስፈላጊነት የሚያስረሳ አደገኛ ወሬ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ምንድን ነው? ሥቃይን ፈጽሞ የማጥፋት ተስፋ አልጸናም። ማፍታታት ሕመምን እንደሚያቀል የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም ማስረጃቸው ደካማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ሕመም እንዲቀልላቸው ለሚፈልጉ ጤነኛ ወላዶች ጡንቻን ማፍታታትንና የትንፋሽ ልምምድን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ማደንዘዣ ለምትጠይቅም አልከለከለም። ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ግን ስለ አጃቢ ነው። በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች በ2017 ተጠቃለው ሲታዩ፣ በምጥ ሰዓት አጽናኝ ያልተለያቸው ሴቶች ምጣቸው አጠር ብሎ፣ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ መሣሪያ የመውለድ ዕድላቸውም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በብዙ ሆስፒታሎች እናት፣ እኅት ወይም ባል ከማዋለጃ ክፍል በር እንዲመለሱ ሲደረግ ኖሯል። መንደሯ ውስጥ ግን ሐኪም ባይኖርም እጇን የሚይዝ ሰው አልጠፋም ነበር። የዚህ ታሪክ ትምህርት ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አይልም፤ የሐኪሙ ቢላዋና የጎረቤቷ እጅ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲገናኙ ያሳስባል።