የዋሁ ጭራቅ

«አያ ጅቦ መጣ!» ወይም «ለጭራቅ እሰጥሃለሁ!» ሳይባል ያደገ ሕፃን በአገራችን ማግኘት ያዳግታል፤ ፍርሃት ከወላጅ እጅ የማይርቅ ሞግዚት ሆኖ ኖሯልና። ያንኑ ጭራቅ ወስዶ፣ አልምዶና ልብ ሰጥቶ የሕፃናት ወዳጅ ያደረገው ግን ሥዕልን የማንቀሳቀስ ጥበብ፣ ዛሬ አኒሜሽን የምንለው ሲሆን፣ የዚህም ሙያ ታሪክ ገና ከጧቱ ከአንዲት ግዙፍ አውሬ ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ፣ በጋዜጣ ሥዕሎቹ ስሙ የታወቀው ዊንዘር ማኬይ አለንጋ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከበስተኋላው በተዘረጋውም መጋረጃ ላይ፣ የሰው ልጅ ከመፈጠሩ አስቀድሞ ከምድረ ገጽ የጠፋው የዳይኖሰር አምሳል የሆነችው ገርቲ አንገቷን ከዋሻ ብቅ አደረገች። ሠዓሊው እንደ እንስሳ አልማጅ «እግርሽን አንሺ» ሲላት ታነሣለች፣ ስትለግም ይገሥጻታል፣ በተገሠጸችም ጊዜ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች፤ እርሱም አሳዝናው ፍሬ የሚወረውርላት ሲመስል በአፏ ትቀበላለች። በመጨረሻም ሰውዬው ከመጋረጃው ኋላ ሲሰወር፣ በሥዕል የተመሰለው አካሉ ወዲያው በመጋረጃው ላይ ይታያል፤ ገርቲም በጀርባዋ ተሸክማው ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ የተሠራው በእጅ ነበር። ብርሃን አሳላፊው ሴሉሎይድ ገና በሙያው ስላልተለመደ፣ አውሬዪቱ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከቦታቸው ያልተነቃነቁት ዐለቱና ዛፉ ጭምር በየወረቀቱ ላይ እንደገና ይሣሉ ነበር፤ ማኬይና አንድ ወጣት ረዳቱም ብዙ ሺህ ወረቀት በዚህ ዓይነት ፈጸሙ። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የገለበጠ ቁም ጸሐፊ ይህን ድካም ሳይነግሩት ያውቀዋል። እኔን ግን ከድካሙ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የገርቲ እንባ ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ከአውሬዪቱ ግዝፈት ፊት በፍርሃት ሊሸሽ ሲገባው፣ እርሷ ባለቀሰች ጊዜ ራርቶላት በመቀመጫው እንዲጸና ያደረገው ያ እንባ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ሙያው ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ታላላቅ የሥዕል ቤቶች ገባ፤ ዋልት ዲዝኒ በ1937 ባሳየው «ስኖው ኋይት» ውስጥ ግን ጠንቋዪቱ ንግሥት ሕፃናትን እንደ ጥንቱ ታስፈራ ነበር። የማኬይን ፍለጋ የተከተለው ይልቁንም ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ ይመስለኛል፤ በ1988 በወጣው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ውስጥ እናቷ ሐኪም ቤት የተኛችባት ትንሿ ልጅ በታላቅ ዛፍ ሥር ያገኘችውን ግዙፍ ፍጡር ሳትፈራ ወጥታበት፣ እሆዱ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ያራቀቀው የፒክሳር ኩባንያ በ2001 ያወጣው «ሞንስተርስ ኢንክ» ነው። አዘጋጁ ፒት ዳክተር በልጅነቱ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ጭራቅ እንደሚኖር ከልቡ ያምን ነበር፤ ባደገም ጊዜ ያን ጭራቅ ሥራ ሰጠው። በፊልሙ ውስጥ ጭራቆች በሌሊት በሕፃናት መኝታ ቤት በር እየገቡ የሚያስጮኹት ለእንጀራቸው ነው፤ ከተማቸው ብርሃን የሚያገኘው ከሕፃናት ጩኸት ነውና። እነርሱ ራሳቸው ደግሞ ሕፃንን እንደ መርዝ ይፈራሉ፤ ፈሪና አስፈሪ በአንድ አካል ሲገናኙ ማየት ለልጅ እንዴት ያለ መጽናኛ ነው! ሰሊ የተባለው የዋናው ጭራቅ ጠጉር ከ2.3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሲሆን፣ ሲራመድና ነፋስ ሲነካው እንዲወዛወዝ ለማድረግ ኮምፒውተሮች ለአንዲት ምስል ብቻ ብዙ ሰዓት ይደክሙ ነበር፤ ለአንድ ሴኮንድ ደግሞ 24 ምስል ያስፈልጋል። ወደ ጭራቆቹ ከተማ ለገባችው ትንሿ ልጅ፣ ለቡ፣ ድምፅ የሰጠችው ሕፃን ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል፣ ሠራተኞቹ ማይክሮፎን ይዘው እየተከተሏት የወጣላትን ሁሉ ይቀዱ ነበር።

ሰሊ በጌታው ትእዛዝ የማስፈራት ጥበቡን ሊያሳይ ሲያገሣ፣ «ኪቲ» እያለች እንደ ድመት ያቀረበችው ቡ ደንግጣ ታለቅሳለች፤ እርሱም በዙሪያው በተሰቀሉት የቴሌቪዥን መስኮቶች ላይ ያፈጠጠ ዓይኑንና የተከፈተ አፉን ያያል። በ1914 አውሬዪቱ ስታለቅስ ሰው ራራ፤ በ2001 ሕፃኗ ስታለቅስ ጭራቁ በራሱ አፈረ። ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት በዚህ ሙያ ታሪክ አላየሁም።

የሕፃን ሣቅ ከጩኸቱ ዐሥር እጥፍ ኃይል እንዳለው ከታወቀ በኋላ ማስፈራት ይቀራል፤ ቡ ወደ ቤቷ የተመለሰችበት የመኝታ ቤቷ በር ግን አስቀድሞ ተሰባብሯል። የሰሊ ጓደኛ ስንጥሩን እየለቀመ በሩን ሲገጣጥም፣ የጎደለችውን አንዲት ስንጥር ሰሊ ጠብቆ አኑሯት ኖሮ በቦታዋ ይመልሳታል፤ በሩን ከፍቶም ያጮልቃል። ፊልሙ ሕፃኗን አያሳየንም፤ ድምፅዋን ብቻ ያሰማና በጭራቁ ፈገግታ ላይ ያበቃል።